ጩኸታችሁን ለገጽ ሃያ አቆዩት

ልጆቼ፣ የድምፅ ትወና ልትጀምሩ እንደሆነ ስሰማ ደስ አለኝ። ማይክሮፎን ፊት ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝና ስለራሴ ብዙ ላወራችሁ እችል ነበር። ከእኔ ወሬ ይልቅ ግን የአንዲትን አሜሪካዊት ሥራ ብትሰሙ ይጠቅማችኋል። አግነስ ሙርሄድ ትባላለች። ቴሌቪዥን የሚወድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጫወተቻትን ጠንቋይዋን ኢንዶራን ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ ግን ፊቷን ከማየቴ በፊት ትንፋሿን ነው ያወቅሁት።

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1943 የአሜሪካው ሬዲዮ ሲቢኤስ «ሰስፔንስ» በተባለው ዝግጅቱ የደራሲዋን የሉሲል ፍሌቸርን ድራማ «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» አስተላለፈ። አልጋ ላይ የዋለች ሴት ባሏ ቢሮ ስትደውል መስመር ይጠላለፍና ሁለት ወንዶች ስለ ግድያ ሲመካከሩ ትሰማለች። ለስልክ ኦፕሬተሯ ትናገራለች፣ ለፖሊስ ትናገራለች፣ ከቁም ነገር የሚቆጥራት ግን የለም። ግማሽ ሰዓቱን ሙርሄድ ብቻዋን ትሸከመዋለች ማለት ይቻላል። የሚመልሱላት በትህትና የቀዘቀዙ የስልክ ድምፆች ናቸው።

ስሙት፤ ግን እንደ አድማጭ ሳይሆን ሊሰርቅ እንደገባ ሰው ስሙት። መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ አትፈራም፣ ትነጫነጫለች። ቅምጥል ናት፣ ማዘዝ የለመደች፤ ኦፕሬተሯን የምታናግራት ሻይ ያዘገየችባትን ሠራተኛ እንደምትቆጣ ነው። ፍርሃቱ የሚሾልከው በዚሁ ንዴቷ ስንጥቅ ነው። ቃላቱ ይፈጥናሉ፤ ቆየት ብሎ ትንፋሿ ከቃሉ ይቀድማል፤ ከዚያ አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ይሰበራል። ትልቁ ጩኸት እስኪመጣ ድረስ እናንተው ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ትጠብቁታላችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የመጀመሪያዬ ትልቅ ድርሻ ልጇ የሚሞትባት እናት ነበረች። ስክሪፕቱን አስቀድሜ አንብቤዋለሁና መርዶውን አውቀዋለሁ፤ ገጽ ሦስት ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ገጽ አምስት ላይ አለቀስኩ። ከመስታወቱ ማዶ ያሉት ቴክኒሻኖች ሲያዩኝ ያደነቁኝ መስሎኝ ነበር። መርዶው ገጽ ሃያ ላይ ሲደርስ ግን ምንም አልቀረኝም። ጉሮሮዬ ደርቆ የወጣው እንደ ዛገ በር ሲጥ ያለ ነገር ነው። አዘጋጁ አልተቆጣኝም። ቴፑን ወደ ገጽ አምስት መልሶ ለቅሶዬን አሰማኝና «ልጅሽ እኮ እዚህ ጋ ገና አልሞተም» አለኝ። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ።

እኔስ ቴፕ ነበረኝ፤ ደገምነው። በሙርሄድ ዘመን ትልልቆቹ ኔትወርኮች የተቀዳ ድራማ አያስተላልፉም ነበር፤ ሁሉም በቀጥታ ነው። የሰዓት ልዩነት ስላለ ለምሥራቅ አሜሪካ የተጫወቱትን ከሰዓታት በኋላ ለምዕራቡ ዳርቻ እንደገና ይጫወቱታል። በዚያ በመጀመሪያው ስርጭት መጨረሻ ላይ አንድ ተዋናይ ተራውን ስቶ አድማጩ ፍጻሜው ግራ ገባው፤ በቀጣዩ ሳምንት ማብራሪያ መስጠት ግድ ሆነ። ዛሬ በኮምፒውተር ቆርጣችሁ ትቀጥላላችሁ፤ እቀናባችኋለሁ፣ ግን ደግሞ አዝንላችኋለሁ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ አንድ ሙሉ ክፍል ሳታቋርጡ ቅዱ። ተሳስታችሁም ቀጥሉ።

ሌላው እጅ ሥራ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። የስክሪፕቱን ገጾች አትስፉ፤ ያነበባችሁትን ገጽ ሳታንኮሻኩሹ ምንጣፉ ላይ ልቀቁት። ስትጮሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ስታንሾካሹኩ ጠጋ። ውሃ ጠጡ። የእጅ አምባር አውልቁ፤ ስንት ጥሩ ቅጂ በአምባር ተበላሽቷል መሰላችሁ!

ወደ ሙርሄድ ልመለስ። በ1900 ክሊንተን፣ ማሳቹሴትስ ተወለደች፤ አባቷ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነበሩ። ኒውዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የድራማ ጥበባት አካዳሚ ተማረች። በ1930ዎቹ ሬዲዮ ላይ ያልሆነችው ሰው የለም፤ «ማርች ኦፍ ታይም» ላይ የፕሬዚዳንቱን ሚስት ኤሊኖር ሩዝቬልትን፣ ከተዋናዩ ኦርሰን ዌልስ ጋር በሠሩት «ሻዶው» ላይ የጀግናውን ጓደኛ ማርጎ ሌንን። ፊልም ላይ የታየችው በ1941 ነው፤ አርባ ዓመቷ። ከእናንተ ውስጥ በሃያ ሦስት ዓመቱ «ዘገየሁ» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ፤ ይህን መስመር ሁለቴ ያንብብልኝ።

በ1948 ያ የስልክ ድራማ ፊልም ሲሆን ድርሻው ለባርባራ ስታንዊክ ተሰጠ። ስታንዊክ በዚሁ ለኦስካር ታጨች። እኔ ብሆን ሬዲዮኑን በመስኮት እወረውረው ነበር። ሙርሄድ ግን በዚያው ዓመት «ሰስፔንስ» ላይ ተመልሳ ያቺኑ ሴት ተጫወተቻት፤ እስከ 1960 ድረስ በዚያ ዝግጅት ብቻ ስምንት ጊዜ ሠርታታለች።

የቤት ሥራችሁ እነሆ። መብራት አጥፉና የ1943ቱን ስሙ፤ አጠገባችሁ እርሳስና ሰዓት ይኑር። ትንፋሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቃሏ የቀደመበትን ደቂቃ ጻፉ። እኔም የጻፍኩት ቁጥር አለኝ፤ የናንተን ላኩልኝና እናስተያያለን።