ጥያቄና መልስ፦ ለቴአትር ሲያገለግሉ የኖሩ አያታችንን በመድረክ ማሰብ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አያቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆናት። ቤታችን በእሷ የቆመ ነበር። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ላሉት የአማተር ቴአትር ልጆች ያለ ክፍያ ልብስ ትሰፋ፣ ልምምድ ሲያመሹ ቆሎና ሻይ ይዛላቸው ትሄድ፣ የትርኢት ቀን ደግሞ በር ላይ ቆማ ትኬት ትቆርጥ ነበር። አሁን ልጆቹ በአርባዋ የመታሰቢያ ቴአትር እናሳይ፣ አንዷ ተዋናይትም ነጠላዋን ለብሳ እሷን ሆና ትጫወት ብለዋል። አክስቴ ግን «ቤተ ክርስቲያን ልታገለግልበት የምትችለውን ጊዜ በአስረሽ ምቺው ጨረሰች፤ ጭራሽ ተዝካሯንም በጭፈራ?» ብላ ተቆጣች። የሰፋቻቸው ልብሶች አንድ ሣጥን ሙሉ ቤት ውስጥ አሉ፤ ለመድረክ ቄስ ያዘጋጀችው ካባም አለበት። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

አክስትሽን አትቀየሚያት። ሐዘኑ ንግግሯን ቢያመርረውም ነገሩን ከሜዳ አላነሣችውም። አባቶቻችን ስለ ቴአትር የተናገሩት ከባድ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ399 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ በዕለተ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፣ በማግሥቱም ወደ ቴአትር ቢጎርፍበት እጅግ አዝኖ ገሥጿቸዋል። የዚያ ዘመን መድረክ ዝሙት የሚታይበት፣ አንዳንዴም የክርስቲያኖች ጥምቀት የሚላገጥበት ነበር። ዛሬም ይህ ያለበት መድረክ ካለ ተግሣጹ ይመለከተዋል። የሌለበትን ግን ቴአትር በመባሉ ብቻ ልንኮንነው አንችልም። በሀገራችን የቴአትርን መሠረት ከጣሉት አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ነው ወደ መድረክ የመጣው።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ አያትሽ ያገለገሉት ምን ዓይነት መድረክ ነበር? የሚለው ነው። ልጆቹ የሚያሳዩት ሰውን የሚያስተምርና የሚያስቅ ጨዋ ሥራ ከነበረ፣ እሳቸውም ቅዳሴያቸውንና ጾማቸውን ይዘው ከኖሩ፣ አክስትሽ የምታፍርበት ነገር የለም። ለልምምድ ብለው ቅዳሴ ያስታጎሉበት ጊዜ ከነበረም አሁን በእሱ መከራከር ለእሳቸው አንዳች አይረባም፤ የሚረባቸው ጸሎት ነው።

ስለ ሣጥኑ ስትጽፊ ትዝ ያለኝ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ነው። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ፣ በሌላ ስሟ ዶርቃ፣ ታማ ሞተች፤ አጥበውም በሰገነት አኖሯት። ጴጥሮስ ተጠርቶ ሲደርስ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት። ስለ ደግነቷ ንግግር ሲያደርጉ አናነብም፤ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች እያወጡ ነው ያሳዩት። የሰፋችው ልብስ ራሱ መሰከረላት። ልዩነቱን ግን አልደብቅሽም፤ ዶርቃ የሰፋችው ለመበለቶች ነው፣ የመድረክ ልብስ ደግሞ ምጽዋት አይባልም። ቢሆንም አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዓይናቸው እየደከመ ለሰው ልጆች መርፌ ሲያሾልኩ ማምሸታቸው፣ ሳይበላ የመጣውን ልጅ በቆሎና በሻይ መደገፋቸው ፍቅር እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሐዋርያውም እግዚአብሔር ያደረጋችሁትን ሥራና ያሳያችሁትን ፍቅር ይረሳ ዘንድ ዓመፀኛ አይደለም ብሏል (ዕብ. 6፥10)።

ወደ አርባው እንምጣ። እዚህ ላይ ከአክስትሽ ጋር ነኝ፤ በዚያ ቀን ቴአትሩ ይቅር። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን የምትጸልይባቸው ቀኖች ናቸው። የአያትሽን የክርስትና ስም ለካህናቱ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያስታውሰው ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ነው። ቅዳሴና ጸሎተ ፍትሐት ይደረግ፣ ከመካከላችሁ የተዘጋጀ ይቁረብ፣ ነዳያን ይብሉ። ድግሱን በአቅማችሁ አድርጉት፤ ተበድሮ ተዝካር ማውጣት ለሟች አይጠቅምም፣ ለቋሚም ዕዳ ነው። የቴአትሩ ልጆችም ይምጡ። ውኃ ይቅዱ፣ እንጀራ ያቅርቡ፣ ወንበር ይደርድሩ፤ ልብስና ሻይ ሲያቀርቡላቸው የኖሩትን እናት በዚያ ቀን በጉልበታቸው ያስቧቸው። ከመካከላቸው ሙስሊም ልጆች ካሉ የጾም ምግብ ለይቶ ማሰናዳቱን አትርሱ፤ አያትሽ ቢኖሩ እንደማይረሱት እገምታለሁ።

የመድረኩ መታሰቢያ ሌላ ቀን፣ ከጾም ወቅት ውጭ ይደረግ። ተዝካር ግን አትበሉት። በማስታወቂያው ላይም «የአርባ ቀን መታሰቢያ» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ሰው አንዱ የሌላው ምትክ እየመሰለው ጸሎቱን ይተዋል። ቤተሰቡ ከተስማማ ተዋናይቷ አያትሽን ሆና ብትጫወት ክልከላ አላይበትም፤ በር ላይ ትኬት ሲቆርጡ፣ ያመሸውን ልጅ ሲቆጡ፣ ክር በጥርሳቸው ሲበጥሱ የነበሩበትን ታሳይ። ከሞት በኋላ ያለውን ግን አትንካው። ነጭ ለብሰው ከሰማይ ሲመርቋችሁ የሚያሳይ ትዕይንት እንደሚያምራቸው አውቃለሁ፣ ጭብጨባም ያስገኛል። ነገር ግን በነፍስ ላይ የሚፈርደው እግዚአብሔር ነው፤ የቴአትር ደራሲ ሊቀድመው አይገባም። ፍትሐትን አስመስሎ መጫወትም አይፈቀድም። ነጠላቸውን በተመለከተ፣ እናትሽና አክስትሽ ገና ሽታውን የሚፈልጉት ዕቃ ከሆነ ሌላ ነጠላ ይፈለግ፤ ቴአትር በተመሳሳይ ልብስ መጫወት ያውቅበታል።

የትኬቱ ገቢ ለክበቡ ወጪ ከሆነ ለክበቡ ነው ተብሎ በግልጽ ይነገር። ለነዳያን ነው ከተባለ ደግሞ ሙሉው ለነዳያን ይሰጥ፤ በሟች ስም ተሰብስቦ ግማሹ ለአዳራሽ ኪራይ የሚሄድ ገንዘብ ምጽዋት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

አክስትሽን ወደ ትርኢቱ ለመውሰድ አትታገዪ። ለአርባው ዝግጅት ግን ምክሯን ጠይቂያት፤ የተቆጣችው ስለ ተዝካሩ ነውና ጸሎቱ በሥርዓቱ እንደሚደረግ ስታይ ግማሹ ቁጣዋ ይበርድ ይሆናል።

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ልብሶች ለክበቡ ቢሰጡ መልካም ነው። ለብቻው የሚታየው ካባው ነው። ከገበያ በተገዛ ጨርቅ የተሰፋ ከሆነ ጨርቅ ነው፤ ካህንን ለማላገጫ እስካልዋለ ድረስ ከልብሶቹ ጋር ሊሄድ ይችላል። ከአሮጌ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ወይም ከልብሰ ተክህኖ ቁራጭ ተሰፍቶ ከሆነ ግን ለመድረክ አይሰጥም፤ ወደ አጥቢያችሁ ወስዳችሁ ለአስተዳዳሪው አስረክቡ። አያትሽ ጨርቁን ከየት እንዳመጡት አብረዋቸው የሰፉ ሰዎች ያውቁ ይሆናልና እስክትጠይቂ ድረስ ካባውን ለይተሽ አስቀምጪው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።