ፖከር ይሻላል ወይስ የስፖርት ውርርድ?

ወንድሜ፣ «በወር 300 ዶላር ለመዝናኛ መድቤያለሁ፤ ፖከር ልጀምር ወይስ ኳስ ላይ ልወራረድ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም ስላየሁት ሳልደብቅ ልንገርህ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ።

ፖከር የጀመርኩት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ካዚኖ ነው። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ 300 ዶላር ይዤ እቀመጥ ነበር። ፖከር ላይ የምትጫወተው አጠገብህ ካሉት ሰዎች ጋር ስለሆነ ጎበዝ ያሸንፋል ይባላል። እውነት ነው። ግን ቤቱም ድርሻውን ያነሳል። ዲለሩ፣ ማለትም ካርድ አዳዩ፣ በሰዓት 30 ዙር ያህል ያድላል። መሀል ላይ ከሚከማቸው ገንዘብ በየዙሩ 5 ዶላር ቢነሳ በሰዓት 150 ዶላር ከጠረጴዛው ይወጣል፤ ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 17 ዶላር ገደማ። ለዲለሩ የምትሰጠውን ቲፕ አልቆጠርኩም። ይህን ለመሸፈን ብቻ ከሌሎቹ በግልጽ መብለጥ አለብህ፤ እኔ አልበለጥኩም። አንድ ሌሊት ከሁሉ የሚበልጠውን ጥንድ፣ ሁለት ኤስ፣ ይዤ ሁለት ኪንግ በያዘ ሰው ተበላሁ። ሁለቱ ሲገጥሙ ይህ ከአምስት ወይም ከስድስት ጊዜ አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ተናድጄ ሌላ 300 አወጣሁ፤ እሱን የበላኝ ንዴቴ ነው። በማስታወሻዬ እንደያዝኩት በዓመት 1,840 ዶላር ከሰርኩ።

የስፖርቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 የፌዴራሉን እገዳ ከሻረው በኋላ ስቴቶች በየራሳቸው ፈቀዱ፤ ቨርጂኒያ ውስጥም ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በስልክ መወራረድ ተቻለ። ኳስ ከልጅነቴ ስለማይ አውቀዋለሁ ብዬ ገባሁ። ሒሳቡን ያኔ የነገረኝ ቢኖር ጥሩ ነበር። ብዙ ጊዜ 100 ለማግኘት 110 ታስይዛለህ፤ ስለዚህ ላለመክሰር ብቻ ከ100 ውርርድ 53ቱን መምታት አለብህ። አምስት ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ስታያይዝ ደግሞ ይብሳል። እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ዕድል ያለው ቢሆን 10 ዶላር 320 ሊያመጣልህ ይገባል፤ የሚከፈልህ ግን 254 ገደማ ነው። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» እያልን የምንቆጨው ቲኬት ከመጀመሪያውም ዋጋው የተቆረጠ ነው።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ሒሳቡ አይደለም። ከካዚኖ ስትወጣ መኪና ትነዳለህ፣ ድልድይ ትሻገራለህ፣ ልብህ ይበርዳል። ስልኩ ኪስህ ውስጥ ነው። ዱለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ቅዳሜ ጠዋት በእንግሊዝ ኳስ እጀምራለሁ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሁለት የቴኒስ ተጫዋቾች ላይ ገንዘብ እያስያዝኩ እገኛለሁ። ጨዋታው እየተካሄደ የሚደረገው ውርርድ እንቅልፍ የለውም።

አንድ እሑድ የዕቁብ 500 ዶላር ጎደለኝ። ለጓደኛዬ ጎማ ፈነዳብኝ ብዬ ተበደርኩ። ሳያመነታ ሰጠኝ። ማታ ቤት ገብቼ የአፑን የሒሳብ ታሪክ ከፍቼ በ11 ወር ያስገባሁትን ደመርኩ፤ ያወጣሁትን ስቀንስ 6,300 ዶላር የለም። ባለቤቴ አጠገቤ ተኝታ ነበር። ጠዋት ነገርኳት፤ ለጓደኛዬም ብሩን ስመልስ ጎማው እንዳልፈነዳ ነገርኩት። በዚያው ሳምንት ቨርጂኒያ ውስጥ ራሴን በፈቃዴ አሳገድኩ፤ ስምህን ስታስመዘግብ ስቴቱ ፈቃድ የሰጣቸው አፖች ሁሉ ይዘጉብሃል።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ፦ የግድ ከሆነ ፖከር፣ እሱም ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዘህ፣ የባንክ ካርድህን ቤት ትተህ፣ የምትነሳበትን ሰዓት ለሰው ነግረህ። አፑን አትጫን። ታክሱንም አትርሳ፤ ከ2026 ጀምሮ ኪሳራህን ዘርዝረህ ብታቀርብ እንኳ የሚቀነስልህ 90 በመቶው ብቻ ነው። 10,000 አሸንፈህ 10,000 ብትከስር በእጅህ በሌለ 1,000 ዶላር ላይ ታክስ ትጠየቃለህ።

አፑን አስቀድመህ ጭነህ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ የሒሳብ ታሪኩን ከፍተህ ደምረው። ቁጥሩ ካስደነገጠህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ወይም ቁማር ለከበዳቸው ሰዎች የእርዳታ መስመር ወደሆነው 1-800-426-2537 ደውል፣ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ያነሳሉ።