የፀረ ዝገት፣ የፕራይመርና የቲነር አደጋ፦ ጥያቄና መልስ

በብረታ ብረት ሥራና በመኪና ቀለም ላይ ያላችሁ፣ ድንገት አደጋ ቢፈጠር ምን እንደሚደረግ ጠይቁ፤ በተራ እመልሳለሁ። የማወራው በቲነር፣ ማለትም በቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ፣ ስለሚቀጥነው ፀረ ዝገትና ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው) ነው፤ በውሃ የሚበጠበጠው ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጋሎን ፀረ ዝገት ወለል ላይ ቢደፋ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ማብሪያ ማጥፊያ አትንካ። የበራው እንደበራ፣ የጠፋው እንደጠፋ ይቆይ፤ ማጥፋትም ብልጭታ አለው። ብየዳና ግራይንደር ወዲያው ይቁም። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ቲነር ውስጥ የሚገኘው ቶሉይን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ አሴቶንማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም ያወጣል። የቶሉይን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጎረቤት ቡና የተጣደበት ከሰል ካገኘ እሳቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ እናንተ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ከላይኛው መስኮት ይልቅ በሩን ወለል አድርገህ ክፈት፣ ሰው አስወጣ።

ከዚያ በደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ዙሪያውን ክበበውና ወደ መሃል ግፋ። ሰጋቱራ አትበትን፤ ራሱ ይነዳል። ብልጭታ በማያወጣ ነገር፣ ለምሳሌ በፕላስቲክ መጥረጊያና ማፈሻ፣ ሰብስበህ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውጭ አስቀምጥ። ወደ ቦይ መጥረግ አደጋውን ለሰፈሩ ማከፋፈል ነው።

ጥያቄ፦ የተደፋው ሃርድነሩ፣ ፕራይመሩን እንዲጠነክር የሚቀላቀልበት፣ ቢሆንስ?

አሸዋው ያው ነው፣ ክዳኑ ግን ይለያል። የባለሁለት ክፍል ፕራይመር ሃርድነር ብዙ ጊዜ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ እርጥበት ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጥርቅም አድርጋችሁ ከከደናችሁት ጣሳው ይነፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ውጭ አቆዩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጣሳው ውስጥ እሳት ተነሳ እንበል። ውሃ ልድፋበት?

ውሃ ቢኖርም አትድፋ። ቲነር ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሰፋል። እሳቱ ጣሳው ውስጥ ብቻ ከሆነ በጣሳው ክዳን ወይም በቆርቆሮ ከራስህ ወደ ፊት እያንሸራተትክ ክደነው፤ እስኪቀዘቅዝ አትክፈት፣ ቶሎ ከተከፈተ እንደገና ይያዛል። ትልቁ ስህተት የሚነደውን ጣሳ አንስቶ ወደ ውጭ መሮጥ ነው። ፈሳሹ እጅና እግር ላይ ይደፋል፣ ሰውየው ይጥለዋል፣ አንድ እሳት የነበረው በየመንገዱ ይሆናል።

ማጥፊያው የዱቄት፣ የፎም ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን፤ የመጨረሻው ነፋስ ባለበት ብዙም አይረዳም። ባለ 6 ኪሎ ዱቄት ቢበዛ 20 ሰከንድ ገደማ ነው የሚሠራው፣ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹማ ወዲያው ያልቃል። በሩን ከኋላህ አድርገህ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀህ ቁም፤ ቀለበቱን ንቀል፣ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን ግራና ቀኝ እየጠረግክ ርጭ። ተጠግተህ ጣሳው ውስጥ ከረጨህ ግፊቱ የሚነደውን ፈሳሽ ይረጨዋል። ማጥፊያው አልቆ እሳቱ ካለ፣ ወይም ጭሱ ወደ ጭንቅላትህ ከወረደ፣ በቃ፤ ውጣ፣ በሩን ዝጋ። አዲስ አበባ ከሆንክ 939 ደውል፣ ውስጥ የኦክስጅንና የአሲቴሊን ሲሊንደር ካለ ሳትጠየቅ ተናገር።

ጥያቄ፦ ቀለም ክፍል ውስጥ ሰው ራሱን ስቶ ቢገኝ ትንፋሽ ይዞ ገብቶ ማውጣት ይቻላል?

ሁለተኛ ሰው የሚወድቀው እንደዚህ ነው። የጨርቅም ሆነ የአቧራ ጭምብል ትነት አያስቀርም። በሮቹን ክፈቱ፣ አየር ይግባ፣ የሚገባው ሰው ውጭ የሚጠብቀው ይኑረው። ካወጣችሁት በኋላ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ጥሩ። ወተት የሚባለውን ተዉት፤ ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፉ አይሰጥም። ሃርድነር የተነፈሰ ሰው ደግሞ «ተሻለኝ» ቢልም ይታይ፤ የደረት መጨናነቁ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ቲነር ተጎነጨ ቢባል አስታውከዋለሁ?

በፍጹም እንዳታስታውኪው እህቴ። ቲነር ሆድ ውስጥ ከሚያደርሰው ይልቅ ሲያስታውክ ሳንባ ከገባ የሚያደርሰው የከፋ ነው። አፉን አጉመጥምጪው፣ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ሕክምና ሂጂ። ማሳል ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከጀመረ ነገሩ አስቸኳይ ነው።

ጥያቄ፦ ዓይን ከገባስ?

በንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ፣ ውሃው ከአፍንጫ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ከዚያ ሐኪም።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ቆዳ ላይ የጥርስ ሳሙና ይቀባል?

አይቀባም፣ ማርም እንቁላልም አይደረግም። 20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ አይላጥም።

ጥያቄ፦ የቀለም ጨርቅ ብቻውን ይነዳል የሚሉት እውነት ነው?

ዘይት ቀለም ወይም የዘይት ፕራይመር የጠረጋችሁበት ከሆነ እውነት ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙቀት ያወጣል፤ ጥግ ላይ ተከምሮ ያ ሙቀት መውጫ ካጣ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ቤቱ ገብቶ ሳለ፣ ይያዛል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለው የብረት ጣሳ ነክራችሁ ክደኑት።