መርማሪዋ ስትሳሳት ማን ይከፍላል? ለወጣት ጸሐፊዎች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ የእናንተን ረቂቅ ማንበብ ሆኗል። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በወንጀል ምርመራ ላይ ነው። የምስክር ቃል ስቀበል፣ መዝገብ ሳገላብጥ፣ በማላውቀው ሰው ደጅ ስቆም ኖሬያለሁ። ስለዚህ መርማሪ ያለበት ታሪክ ሲደርሰኝ ሌላውን ሁሉ አስቀምጬ እሱን አነባለሁ።

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ታሪኮች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በካርታ ላይ የሌለች ከተማ አለች። ላይኛው ከተማ ብርሃንና የአትክልት ስፍራ ነው። ታችኛው ጭስና ጠባብ መተላለፊያ። ከላይኛው ከተማ ትልቅ ቤት የተወለደች ወጣት የወላጆቿን ተቃውሞ አልፋ መርማሪ ትሆናለች። ወንጀል ይፈጸማል። ዱካው ወደ ታች ይወስዳታል።

ይህን ታሪክ ከልቤ እወደዋለሁ። የተመቻት ልጅ ምቾቷን ትታ እውነት ስትፈልግ ማየት ደስ ይላል። ግን ረቂቆቹን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ይቀርብኛል። ልጅቷ ስትሳሳት ማን ነው የሚከፍለው?

ይህን የምጠይቀው ከመጽሐፍ ስላገኘሁት አይደለም። ወጣት መርማሪ ሳለሁ አንድ የስርቆት መዝገብ ተሰጠኝ። ከአንድ ትልቅ ቤት ጌጣጌጥ ጠፍቷል። እዚያ ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት የሆነ ነገር እንዳየች ሰማሁ። እኔ ያኔ የተማርኩ፣ ከደህና ቤተሰብ የወጣሁ፣ በራሴ የምተማመን ልጅ ነበርኩ። በቀጥታ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። አሠሪዎቿ እያዩ ስሟን ጠርቼ መጥሪያ ሰጠኋት። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መጣች። እኔ ስብሰባ ነበረብኝ፤ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

ቃሏን ሰጠች። ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ጌጣጌጡን የወሰደው የቤቱ ልጅ ነው። ዕቃው በእሷ ቃል ምክንያት ተገኘ። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንዳይከር ለመነ፣ ተማለደ፣ መዝገቡም ተዘጋ። እኔ ምስጋና ደረሰኝ። እሷ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረች።

ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሰፈሯ ወረድኩ። አንድም ሰው በር አልከፈተልኝም። መዝገቡን ዛሬ አውጥታችሁ ብትመረምሩት ስህተት አታገኙበትም። መጥሪያው በወጉ የተጻፈ ነው። ቃሉ በወጉ የተፈረመ ነው። ያቺ ሴት ያጣችው እንጀራ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።

አሁን ወደ ረቂቃችሁ እንመለስ። አንደኛው ታሪክ ላይ መርማሪዋ አንድ የታች ከተማ ልጅ ሌባ መስሏት በጣሪያ ላይ ታባርረዋለች። ልጁ ይወድቅና ክንዱ ይሰበራል። ንጹሕ መሆኑ ይታወቃል። ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ልጁ ከዚያ በኋላ የለም። ክንዱ ሲሰበር የት ነበር የሚሠራው? ያ ገቢ ሲቀር እቤት ማን ጦሙን አደረ? እናቱ መርማሪዋን ሌላ ቀን መንገድ ላይ ስታያት ምን አለቻት? የመርማሪዋ እንባ እውነተኛ ነው፤ አምናችኋለሁ። እኔ የምፈልገው ልጁ በሦስተኛው ምዕራፍ እንዲመለስ ነው። ክንዱ ተጣሞ የዳነ ይሁን። ከዚያ በኋላ እርዳታውን ስትፈልግ ምን እንደሚመልስላት ጻፉልኝ።

ስለ ዝምታም ልንገራችሁ። ወጣት ጸሐፊዎች የታች ከተማ ሰው ለምን ዝም እንደሚል ሲያስረዱ ሁልጊዜ አንድ ክፉ ወንበዴ ያመጣሉ። ሰዉ እሱን ፈርቶ ዝም አለ ይላሉ። እንዲህ ያለም አለ። እኔ ያጋጠመኝ ዝምታ ግን አብዛኛው ሂሳብ ነበር። ቃል ልስጥ ብል የዛሬ ደመወዜ ይቀራል። አሠሪዬ ይሰማል። ጎረቤቴ ጠቋሚ ይለኛል። መርማሪው ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል፤ እኔ እዚሁ ነኝ። ይህን ሂሳብ በአእምሮው የሠራ ሰው «አላየሁም» ይላል። ፈሪም ውሸታምም ሆኖ አይደለም።

መርማሪዋ ማታ ወደ ላይኛው ከተማ ትመለሳለች። ምስክሯ እዚያው ታድራለች። ጭንቅ ያለበትን ትዕይንት ከዚህ ልዩነት አውጡት፤ ሽጉጥና ሩጫ ሳይገባበት ራሱን ችሎ ይቆማል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልጅቷ የቤተሰቧ ስም ታች ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚነሳ አታውቅም። አባቷ ለእሷ ደግ አባት ነው። ታች ግን የውሃውን ቧንቧ የዘጋው ሰው ሊሆን ይችላል። ስሟን ስትናገር የምስክሯ ፊት ሲለወጥ ታያለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባትም። ቶሎ አትንገሯት። ጥቂት ምዕራፍ ሳይገባት ትቆይ።

ከተማችሁን ስትሠሩ ደግሞ ግንቡን ብቻ አትሳሉ። ከተማ የሚከፈለው በምክንያት ነው። በብዙ የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች ነፋሱ የሚበዛው ከምዕራብ ነው። የፋብሪካው ጭስ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ድሃው በምሥራቅ በኩል፣ ጭሱ በሚያርፍበት ኖረ። ለእናንተ ከተማም ይህን ጠይቁ። ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል? የማን ቆሻሻ ውሃ በማን ደጅ ያልፋል? ይህን ካወቃችሁ ወንጀሉ ራሱ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ጀርመናዊውን ጸሐፊ ፍሪድሪክ ኤንግልስን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ እንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ ማንቸስተር ሲሄድ 22 ዓመቱ ነበር። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለድርሻ ነው። ልጁም እዚያው ፋብሪካ ሊሠራ ነው የተላከው። እሱ ግን የሠራተኛውን ኑሮ መመርመር ጀመረ፤ በ1845 ስለዚያ መጽሐፍ አሳተመ። ከጻፈው ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። የማንቸስተር ዋና ዋና መንገዶች ግራና ቀኛቸው በሱቅ የተሞላ ነበር። ሀብታሞቹ ከቤታቸው ወደ መሀል ከተማ በዚያ መንገድ ይመላለሳሉ። ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን ድህነት ሳያዩ መሄድና መመለስ ይችላሉ። እስቲ አስቡት። ሰው በየቀኑ አጠገቡ እያለፈ የማያየው ሰፈር! መርማሪያችሁ ዕድሜዋን ሙሉ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው በሠረገላ የሄደችው። መጀመሪያ ስትወርድ ልታፍርበት የሚገባው ነገር ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ይሁን።

ኤንግልስን ወደ እነዚያ ሰፈሮች አስገባችው የምትባለው ሜሪ በርንስ ናት። ከአየርላንድ ቤተሰብ የተወለደች የሠራተኛ ልጅ ነበረች። የታሪክ ጸሐፊዎች ያለ እሷ ያን ያህል ጠልቆ ባልገባ ነበር ይላሉ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መርማሪዋ ቀሚሷን ቀይራ፣ ድሃ መስላ ታች የምትገባበት ትዕይንት በየረቂቁ አለ። እውነት የሆነ ነገር ነው። ቢያትሪስ ፖተር የአንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር ልጅ ነበረች። በ1888 ለምርመራ ብላ በምሥራቅ ለንደን የሱሪ ስፌት ሠራተኛ መስላ ገባች። ያን ጊዜ የምታግዘው ቻርልስ ቡዝን ነው። እሱም ሀብታም የመርከብ ነጋዴ ነበር፤ የለንደንን ድህነት ጎዳና በጎዳና በቀለም ለይቶ ካርታ ላይ አወጣ። ጥቁሩ ቀለም የመጨረሻው ድሃ፣ ቢጫው የመጨረሻው ሀብታም ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ሆኖም ጥቁር በተቀባው ጎዳና የሚኖሩትን ሰዎች ከድሃነት አልፎ ክፉና ከፊል ወንጀለኛ ብሎ ፈርጇቸዋል። ከላይ የመጣ ቅን መርማሪ እንኳን የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። የሰውን ችግር ይቆጥርና ሳያስበው ጠባዩንም አብሮ ይጽፋል። ለገጸ ባሕርያችሁ አንድ ማስታወሻ ደብተር ስጧት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ታች ከተማ ሰዎች የጻፈችውን በመጨረሻ ስታነበው ይክበዳት።

ልብስ መቀየሯንም ስትጽፉ አንድ ነገር አትርሱ። እሷ ልብሱን ማውለቅ ትችላለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ አትችልም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ደረስኩ። እናንተ ሁላችሁም መርማሪዋን ወደ ታች ትልኳታላችሁ። እኔ ብሆን ወደ ላይ እልካታለሁ። ታች ከተማ ውስጥ እሷ እንግዳ ናት። ቋንቋውን፣ መንገዱን፣ የሰዉን ዓይን አታውቅም። በዚያ ላይ ብትሳሳት የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ላይኛው ከተማ ውስጥ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። የሂሳብ መዝገቡ በየትኛው ክፍል እንደሚቆለፍ ታውቃለች። እራት ላይ የትኛው ጥያቄ ሲነሳ እናቷ ወሬ እንደምትቀይር ታውቃለች። የትኛው ዳኛ ከየትኛው አጎቷ ጋር አደን እንደሚወጣ ታውቃለች። ይህን እውቀት የታች ከተማ መርማሪ ሃያ ዓመት ቢለፋ አያገኘውም። እንግዲህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ለምን ትውላለች?

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር አባቶቻችን። በሥራዬ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ታች የሚደረግ ምርመራ ፈጣን ነው። በር ይሰበራል፣ ሰው ይያዛል። ላይ ሲደርስ ይዘገያል። ወረቀት ይጠፋል። ቀጠሮ ይራዘማል። ምስክር በድንገት ረጅም ጉዞ ይወጣል። የስርቆቱን መዝገብ ሲዘጉብኝ እኔ ያንን ቤት የመሰለ ቤት አውቅ ነበር። የማን ስልክ እንደተደወለም መገመት እችል ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። የእናንተ መርማሪ ዝም አትበል። ክፍያው የራሷ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስሟን፣ የእናቷን ፍቅር፣ የምትመለስበትን ቤት ታጣለች። ቅድም የልጁ ክንድ የተሰበረው በእሷ ስህተት ነበር። አሁን ራሷ ፈቅዳ የምታጣው ነገር አላት። ይህንን ለመጻፍ ፈጣን ሩጫ አያስፈልጋችሁም። አንድ የእራት ጠረጴዛ ይበቃችኋል።

ታች መውረድ ካለባት ደግሞ አብሯት የሚሠራ ሰው ይኑር። በ1854 ለንደን ውስጥ፣ በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። ዶክተር ጆን ስኖው በሽታው ከአንድ የውሃ ፓምፕ እንደሚመጣ ደረሰበት። የፓምፑ እጀታም ተነቀለ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሄንሪ ኋይትሄድን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የዚያ ሰፈር ወጣት ቄስ ነበር። መጀመሪያ የስኖውን ሐሳብ አላመነበትም፤ ስህተት መሆኑን ላሳይ ብሎ ነው የራሱን ጥያቄ የጀመረው። ሰዉ ያውቀዋል። ቤት ለቤት ሲሄድ በር ይከፈትለታል፤ ወደ አንድ ሰው ደጋግሞ ተመልሶ መጠየቅ ይችላል። በኋላ የሞት መዝገብ ሲያይ በፓምፑ አጠገብ፣ በ40 ቁጥር ቤት ታማ ስለሞተች ሕፃን አነበበ፤ ሄዶም እናቷን ጠየቀ። እናቷ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበት ውሃ የተደፋበት ጉድጓድ ለፓምፑ በጣም ቅርብ ነበር። ስኖው ከአንድ ዓመት በፊት ለንግሥት ቪክቶሪያ በምጧ ጊዜ ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ የሰጠ ሐኪም ነው። ያ ክብር የ40 ቁጥርን በር አልከፈተለትም። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ከፈተው።

በረቂቆቻችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ የታች ከተማ ልጅ ነው። መንገድ ያሳያል፣ ይቀልዳል፣ መርማሪዋን ከሞት ያድናል። ከዚያ ወይ ይሞታል ወይ ይረሳል። ሁለት ረቂቅ ላይ ስም እንኳን የለውም፤ «ልጁ» ይባላል። የራሱ ጉዳይ ይኑረው። ለምን እንደሚረዳት የራሱ ምክንያት ይኑረው። እንቢ የሚልበት ቀንም ይኑር።

ሜሪ በርንስ በኤንግልስ መጽሐፍ ውስጥ በስሟ አልተጠቀሰችም። እኔም በስርቆቱ መዝገብ የመጨረሻ ሪፖርት ላይ ልብስ አጣቢዋን «ሦስተኛ ምስክር» ብዬ ነው የጻፍኳት። ስሟን አልረሳሁትም። የሚቀጥለውን ረቂቅ ስትልኩልኝ መጀመሪያ የምገልጠው መርማሪዋ የምትገባበትን ገጽ አይሆንም። ታች ከተማ ውስጥ በር የከፈተላት ሰው ስሙ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ ነው የምፈልገው።