መስታወቱ አላረጀም፣ ጤዛ ነው

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዳርቻ ለተማሪዎችና ለነዋሪው የከዋክብት ምሽት እናዘጋጃለን። ቴሌስኮፓችን 200 ሚሊሜትር ዶብሶኒያን ነው፤ መሬት ላይ በሚሽከረከር መቆሚያ የሚቀመጥ ባለ መስታወት ቱቦ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያውን ጭጋግ ይለብሳል፣ የኦሪዮን ኔቡላም (በሰማይ ላይ የሚያበራው የጋዝ ደመና) ጨርሶ ይጠፋል። አንድ ጠጋኝ «መስታወቱ አርጅቷል» ብሎ በአልኮልና በሶፍት ወለወለው፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የመስታወቱ ነው ወይስ የመንገዱ መብራት?

መልስ፦ መምህር፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደህና የነበረ መስታወት 3 ሰዓት ላይ አያረጅም። የመንገድ መብራትም ቢሆን 3 ሰዓትን ጠብቆ አይመጣም። ከምልክቶቹ ተነስቼ የምጠረጥረው ትንሹን፣ ብርሃኑን ወደ ዐይን ሌንሱ የሚያዞረውን ሰያፍ ሁለተኛ መስታወት ነው፤ ጤዛ ይዞታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ በቱቦው አፍ በኩል በቀይ መብራት ከጎን ይመልከቱት፤ ትንፋሽዎን ግን ያዝ ያድርጉ። እንደ ወተት ነጣ ካለ ጉዳዩ አለቀ። መብራቱ ቢሆን ኖሮ የሰማዩ ጀርባ ግራጫ ይሆናል እንጂ ኮከቡ ራሱ እንደ መርፌ ጫፍ እንደሾለ ይቆያል። ኮከቡ ካበጠ ውሃ ነው።

ጤዛ «ወረደ» እንላለን እንጂ ጤዛ አይወርድም። ማንኛውም ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን በማይታይ ጨረር ይለቃል። ከላዩ ዛፍ፣ ጣሪያ ወይም ደመና ካለ እነሱም መልሰው ይልኩለታል፣ ስለዚህ ብዙ አይጎዳም። ጥርት ያለ ሰማይ ግን ከሰጡት አሳንሶ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ሰማይን ፊት ለፊት የሚያይ ዕቃ ከዙሪያው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደመና በሌለበት ሌሊት ውርጭ ሜዳ ላይ ያለውን ሰብል መትቶ ከዛፍ ሥር ያለውን የሚምረው ለዚሁ ነው፤ ማለዳ የመኪና ጣሪያ ረጥቦ ሆዱ ደረቅ የሚሆነውም እንዲሁ። አሁን ቱቦዎን ያስቡት። ዋናው መስታወት ወፍራም ነው፣ ከጉድጓድ ሥር ተቀምጦ የቱቦው ግድግዳ ይከልለዋል። ትንሹ ግን ስስ ነው፣ አፉ አጠገብ ተንጠልጥሎ ጀርባውን ለሰማይ ሰጥቷል። በጥር መጨረሻ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ የኦሪዮን ኔቡላ ከደብረ ብርሃን ሲታይ 75 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት ነው። የከፋው ሰዓትና የተወደደው ዕይታ እኩል ይገጥማሉ።

ስለ ሶፍቱ አንድ ነገር ልበል። የመስታወቱ የአሉሚኒየም ሽፋን ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ ገደማ ነው። አቧራ ያለበትን በደረቅ ወረቀት መወልወል በአሸዋ ወረቀት እንደመፈተግ ይቆጠራል። ጤዛ በምንም አይጠረግም፣ ይደርቃል እንጂ። በጄኔሬተር የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ ለ20 ደቂቃ ያሻሽለዋል፣ ከዚያ እንደገና ይመለሳል፤ በዚያ ላይ ሙቅ አየሩ ምስሉን እንደ ፈላ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል።

መድኃኒቱ ትንሽ ማሞቂያ ነው። 470 ኦም የሆኑ፣ ግማሽ ዋት የሚችሉ አራት ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚሞቁ ትንንሽ ዕቃዎች) ይግዙ (ቀለበታቸው ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ)። ግማሽ ዋት ተብለው ሩብ ዋት የሚሸጡ ሞልተዋልና ርዝመታቸውን ይዩ፦ ግማሽ ዋቱ 9 ሚሊሜትር ገደማ፣ ሩቡ 6 ነው። ሩቡ እዚህ ሥራ ላይ ያራል። አራቱን ጎን ለጎን በካውያ ይበይዱ፣ ማለትም አንዱ ጫፍ ሁሉ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ኔጋቲቭ። በቴስተር 118 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። 157 ካነበበ አንዱ አልተበየደም፣ ዜሮ ካነበበ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። በ12 ቮልት 1.2 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ለትንሹ መስታወት ይበቃል።

መስታወቱን ከመንቀልዎ በፊት ቱቦውን አግድም ያስተኙ፤ ያመለጠ ብሎን ዋናው መስታወት ላይ እንዳይወድቅ። ሬዚስተሮቹን በጀርባው ላይ በሲሊኮን ይለጥፉ፣ ግን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን አይጠቀሙ፤ አሲዱ ሽፋኑን ይበላል። ሽቦዎቹ ቀጭን ይሁኑ፣ ከመያዣው እግሮች በአንዱ ጠርዝ ላይ ተኝተው ይውጡ። ከመለሱ በኋላ የመስታወቶቹን አቅጣጫ እንደገና ያስተካክሉ። ጠጋኙ ነቅሎት ከነበረ አሁንም ተዛንፎ ይሆናል።

ኃይሉን ከ12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የታሸገ ባትሪ ይውሰዱ። ባትሪው ላይ ግን ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ 1 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ይህን እንደ ጌጥ አይዩት። ትንሽ የሚመስለው ባትሪ ሽቦው ሲነካካ በሰከንዶች ውስጥ ላስቲኩን የሚያቀልጥ ኃይል አለው፤ እርስዎ ደግሞ በጨለማ፣ ልጆች ሽቦ እየረገጡ በሚያልፉበት ነው የሚሠሩት። ፊውዙ ማሞቂያው ጋ ከሆነ ዋጋ የለውም፣ የሚጠብቀው ከራሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነውና። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬትም ይቅርብዎ፤ ርካሾቹ ሲነኩ ይላቀቃሉ። የስልክ ፓወር ባንክ ደግሞ ቮልቱ አይበቃም፣ ጭነቱ ትንሽ ሲሆንም ብዙዎቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ለዐይን ሌንሱ ስድስት ተመሳሳይ ሬዚስተሮችን እንደዚሁ ጎን ለጎን በይደው፣ በጨርቅ ሰፍተው ይጠምጥሙበት፤ በቴስተር 78 ኦም ይላሉ። ሁለቱም ማሞቂያዎች አብረው ሩብ አምፒር ያህል ይበላሉ፣ ባትሪው በብርድ ቢዳከምም ሌሊቱን ያደርሳል። ማሞቂያዎቹን ምስሉ መደብዘዝ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ያብሯቸው። ሌንሱን የሚያጨልመው ሰማይ ብቻ አይደለም፣ ጋቢም ነው። የበረደው ሰው ጋቢውን አፉ ላይ ሲጎትት ትንፋሹ ሽቅብ ወጥቶ ሌንሱ ላይ ያርፋል። ሰልፉ ላይ «ጋቢ ከአፍ ወረድ፣ ትንፋሽ ያዝ» ይበሉ።

የመንገዱ መብራትም ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለም፣ ድርሻው ግን ያነሰ ነው። የዐይን ሌንሱን አውጥተው በባዶው ቀዳዳ ይመልከቱ፤ ከትንሹ መስታወት ጠርዝ ውጪ የሚታይዎ የሚያበራ ነገር ሁሉ ወደ ዐይን እየገባ ነው። ከቀዳዳው ትይዩ ባለው የቱቦ ግድግዳ ላይ 30 በ30 ሴንቲሜትር ጥቁር ከፈይ ጨርቅ ይለጥፉ፤ አስቀድመው ግን ይቦርሹት፣ ክሩ መስታወት ላይ እንዳይረግፍ። የፋብሪካው ጥቁር ቀለም በሰያፍ ሲታይ ያብረቀርቃል። አፉ ላይ ደግሞ ከጥቁር የስፖርት ምንጣፍ 30 ሴንቲሜትር ማራዘሚያ ይጠቅልሉ፤ መብራት ይከልላል፣ ጤዛንም ያዘገያል። ቱቦው አፉ ላይ ከከበደ ከኋላ ክብደት ይጨምሩ።

የግንባር መብራቶች ነገር ያናድዳል። «ቀይ አለው» ተብለው የሚሸጡት ርካሾች ሲጫኑ መጀመሪያ ነጩን ያበራሉ፣ ቀዩ በሦስተኛው ነው። አንድ ስህተት የሃያ ሰው ዐይን ያበላሻል፣ ጨለማን ለመልመድ ደግሞ እንደገና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ነጩን አምፖል በናስትሮ ይድፈኑት። መኪኖችም አፍንጫቸውን ወደ መውጫው አዙረው ይቁሙ፣ የኋላ ማርሽ መብራት እንዳይበራ።

ምሽቱ ሲያልቅ እርጥብ መስታወት ላይ ክዳን አይግጠሙ። ማሞቂያው እየሠራ ቱቦው ተጋድሞ ይድረቅ፣ ከዚያ መጀመሪያ ፊውዙን ያውጡ፣ ቀጥሎ ሽቦውን ከባትሪው ይፍቱ። ፊውዝ የሌለው ባትሪ ደግሞ ተማሪዎች ባሉበት አይቅረብ።