ማይፓይ «ስህተት የለም» ቢልህም ቴስትህን አላነበበው ይሆናል

ትናንት «ማይፓይ የቴስት ፎልደሬን ሲያይ ምንም ስህተት የለም ይለኛል፤ እኔ ግን ለዓይን የሚታዩ የታይፕ ስህተቶች አያለሁ። ቴስት ላይ ታይፕ ማስመርመር ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን።

በጣም ይጠቅማል። ለአዲስ አንባቢ፦ ማይፓይ የፓይተን ኮድን ሳያስሮጥ የታይፕ ስህተት የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ ታይፕ ማለት አንድ ነገር ቁጥር ነው ጽሑፍ ወይስ ሌላ የሚለው ዓይነቱ ነው፤ ቴስት ደግሞ ኮዳችን በትክክል መሥራቱን የሚፈትን ኮድ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። አንተ እንዳትከፍል ብዬ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ። ፓይተን፣ ዩኒትቴስት (የፓይተን የራሱ የቴስት ላይብረሪ)፣ ብዙ ክላስ፣ ብዙ ሞክ (በቴስት ጊዜ እውነተኛውን የሚተካ አስመሳይ ኦብጀክት) ያለው ፕሮጀክት ነው ብዬ ገምቻለሁ። የኛም እንደዚያ ነበር።

1. መጀመሪያ የቴስት ሜተዶችህን (ክላስ ውስጥ ያሉትን ፈንክሽኖች) አርእስት እይ። ሴልፍ ብቻ ጽፈህ ቅንፉን ዘግተሃል አይደል? ቀስቱና «ነን» (ምንም አይመልስም ማለት ነው) የሚለው መመለሻ የሉም። እንግዲያው ማይፓይ ውስጣቸውን ጨርሶ አልመረመረም። ካላመንከኝ አንዱ ቴስት ውስጥ ቁጥር 5ን ከአንድ ጽሑፍ ጋር ደምርና ማይፓይን አስነሳው። ዝም ይልሃል። ቀስቱንና «ነን»ን ጨምርና ድገመው፤ ወዲያው ይጮኻል።

ይህ ባግ አይደለም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ፓይተን 3.5 ታይፕ መጻፊያ ሲገባለት፣ ፔፕ 484 (የታይፕ አጻጻፉን የደነገገው የፓይተን ሰነድ) ታይፕ ያልተጻፈበትን ፈንክሽን መርማሪው እንዲተወው ፈቅዷል። አሮጌ ኮድ ያለው ሰው ቀስ እያለ እንዲገባበት ታስቦ ነው። ለዋናው ኮድ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለቴስት ግን ወጥመድ ነው፤ ቴስት ሜተድ የሚቀበለውም የሚመልሰውም ስለሌለው ማንም ታይፕ ሊጽፍበት አያስብም።

መፍትሔው ሴቲንጉ ላይ «ቼክ አንታይፕድ ዴፍስ» (ታይፕ የሌላቸውንም ፈንክሽኖች መርምር) የሚለውን ማብራት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኛም አቁመን ነበር። የተቃጠልነውም በዚህ ነው።

2. ፌክ ክላሶችህ (በቴስት ጊዜ እውነተኛውን እንዲተኩ ራስህ የጻፍካቸው ክላሶች) ላይ ታይፕ ጻፍ። ይህን ካላደረግክ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

አምና የደንበኞችን ወርሃዊ ክፍያ የሚሰበስብ ሲስተም ነበረን። «ጌትዌይ» የሚባል ክላስ አለ፤ ውስጡ «ቻርጅ» የሚል ሜተድ። ገንዘብ ቆርጦ ሲጨርስ «ኦኬ» የሚል ጽሑፍ ይመልሳል። ለቴስት ብዬ ከእሱ የሚወርስ «ፌክ ጌትዌይ» ጻፍኩ። እሱም «ቻርጅ» አለው፤ ምንም ሳይቆርጥ «ኦኬ» ይላል። አራት መስመር ነው። ታይፕ አልጻፍኩበትም።

ከወራት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቻርጅ»ን አሻሻለው። ጽሑፍ መመለሱ ቀርቶ የደረሰኝ ቁጥርና ሁኔታ የያዘ ኦብጀክት እንዲመልስ አደረገው። ትክክለኛ ሥራ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርገው ነበር። የሚጠሩትን ሦስት ቦታዎች አስተካከለ። አራተኛው አመለጠው። እሱም ሌሊት እየተነሳ ያልተሳኩ ክፍያዎችን እንደገና የሚሞክረው ፈንክሽን ነው። ይህ ፈንክሽን የተመለሰለትን ነገር «ኦኬ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያወዳድራል። ኦብጀክትን ከጽሑፍ ጋር ስታወዳድር ፓይተን አይቆጣም። «እኩል አይደሉም» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ገንዘቡ ተቆርጦም «አልተሳካም» ብሎ ይመዘግብና እንደገና ይቆርጣል። እስከ ሦስት ጊዜ።

ቴስቱስ? አረንጓዴ! የኔ ፌክ አሁንም «ኦኬ» እያለ ነው። ማይፓይስ? እሱም አረንጓዴ። ፌኩ ታይፕ ስለሌለው የሚመልሰው ነገር «ኤኒ» (ማንኛውም ዓይነት) ነው፤ ኤኒ ደግሞ ከሁሉም ጋር ይስማማል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አንዲት እናት ናት። የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ሦስት ጊዜ ተቆርጦባታል። «ልጄ፣ የቤት ኪራዬ ነበረበት እኮ» አለችኝ። ያን ቀን 17 ደንበኞች ነበሩ።

ኮዱን ማስተካከል 10 ደቂቃ ፈጀ። ገንዘቡን ማስመለስ ሁለት ሳምንት። ክፍያውን የሚያስተላልፍልን ድርጅት በኢሜይል አይሆንም አለ፤ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አምጡ። ወሰድን። ፕሮቶኮል ቁጥር የለውም ተብሎ ተመለሰ። ቁጥር አስይዘን ሄድን። የ17ቱም ዝርዝር በአንድ ወረቀት አይቻልም፣ ለየብቻ ይጻፍ አሉን። ሦስተኛ ስንሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እናንተ ታጠፋላችሁ፣ እኛ እናጸዳለን» አለኝ። ጥፋቱ የኛ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያቺ እናት ምን አጠፋች? ገንዘቧ ሲስተማቸው ውስጥ ተቀምጦ እያዩት ሁለት ሳምንት ማስጠበቅ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ልብ በል። ፌኩ ላይ ያኔ የመመለሻ ታይፕ ብጽፍ ኖሮ ባልደረባዬ ለውጡን ባደረገባት ቅጽበት ማይፓይ ፌኩ ላይ ይጮህ ነበር። «የምትመልሰው ጽሑፍ ከወላጅህ ጋር አይስማማም» ይል ነበር፤ በቅንፍ «ኦቨርራይድ» (የወላጅን ሜተድ በራስ መተካት) የሚል የስህተት ኮድ አስከትሎ። አዲሱን ኦብጀክት እንደሚመልስ ጽፌ ውስጡ «ኦኬ» ቢቀርም በሌላ ስህተት ይይዘኝ ነበር። ፌኩን ስናስተካክል ቴስቱ ይወድቃል፤ ቴስቱ ሲወድቅ የሌሊቱን ፈንክሽን እናየዋለን። አንዲት የታይፕ ቃል ነው የጎደለችው።

ስለዚህ ለቴስት ፎልደሩም «ዲስአላው አንታይፕድ ዴፍስ»ን አብራ። ያኔ ታይፕ የሌለው ሜተድ ራሱ ስህተት ይሆናል። «ስትሪክት ኢኳሊቲ»ንም ጨምር፤ እንዲህ ያለውን ፈጽሞ እኩል ሊሆን የማይችል ንጽጽር ይይዛል። ለዋናው ኮድም ቢሆን።

«እኔ ፌክ አልጽፍም፣ ሞክ ነው የምጠቀመው» ትል ይሆናል። ሞክ ለማይፓይ ከኤኒ አይለይም። የፈለግከውን ሜተድ ጥራበት፣ የፈለግከውን አስመልሰው፣ ምንም አይልም። የእውነተኛውን ክላስ ቅርጽ ተከትሎ ሞክ የሚሠራው «ክሪኤት ኦቶስፔክ» ይሻላል፤ የሌለ ሜተድ ስትጠራ ወይም የአርጉመንት ቁጥር ስታዛባ ቴስቱ ሲሮጥ ይይዝሃል። የአርጉመንቱን ታይፕ ግን አያይም። የመለሰው ነገርም ከእውነተኛው ጋር ይስማማ አይስማማ አይጠይቅም። የኛን አደጋ ኦቶስፔክ አያድነንም ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ለሚነካ ነገር እጄን የምጥለው ታይፕ ባለው ፌክ ላይ ብቻ ነው። መውረስ ካልፈለግክ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ያለውን «ፕሮቶኮል» (ክላሱ ሊኖሩት የሚገቡትን ሜተዶች የሚዘረዝር) ተጠቀም።

ይህን ሁሉ ስታበራ ስህተት ይዘንብብሃል፤ አትደንግጥ። እኛ ጋ 212 ወጣ። አለቃችን «ቴስት ለማሳመር ሳምንት አልሰጥም» አለ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በአራት ምሽት ጨረስኩት፤ በዚህ እኮራለሁ። አብዛኛው ያው አንድ ዓይነት ነበር። ሬፖዚተሪው (ዩዘር ፈልጎ የሚያመጣው ክላስ) ዩዘር ወይም «ነን» ይመልሳል። አንተ «አሰርት ኢዝ ኖት ነን» የሚለውን የዩኒትቴስት ሜተድ ትጠራና ቀጥለህ የዩዘሩን ስም ትጠይቃለህ። ማይፓይ «ነን ስም የለውም» ይልሃል። አሁን አረጋገጥኩ እኮ ብለህ ትናደዳለህ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያ ለማይፓይ ተራ ሜተድ ነው፤ «ነን» ሲሆን እንደሚያስቆም አያውቅም። የፓይተኑን የራሱን «አሰርት» ጻፍ፣ «ዩዘር ኢዝ ኖት ነን» ብለህ። ያን ይገባዋል።

ሌላው ብዙ ስህተት ደብቆ የነበረው ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት የሚሮጠው «ሴትአፕ» ነው። እሱ ታይፕ ሳይኖረው ቼኩም ሳይበራ፣ ሴልፍ ላይ ያስቀመጥከው ሁሉ ኤኒ ይሆናል፤ ታይፕ የጻፍክባቸውን ቴስቶች ሳይቀር ይበክላል። ከሱ ጀምር።

ስህተቱ ሲበዛብህ «ታይፕ ኢግኖር» (ማይፓይን «ይህን መስመር እለፈው» የሚል ኮሜንት) እየለጠፍክ አትለፍ። ካስፈለገህም የስህተቱን ኮድ በቅንፍ ጨምርበት፤ የማያስፈልግ ኢግኖር ሲኖር የሚነግርህን «ዋርን አንዩዝድ ኢግኖርስ»ንም አብራ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እኔም ደስ እያለኝ እጠቀመዋለሁ። ሆን ብለህ የተሳሳተ ታይፕ ሰጥተህ «ታይፕ ኤረር» መነሳቱን የምትፈትንበት ቴስት ላይ። እዚያ ኢግኖሩ ራሱ ምስክር ነው፤ አንድ ቀን ሜተዱ ያንን ታይፕ መቀበል ከጀመረ ማይፓይ «ይህ ኢግኖር አያስፈልግም» ብሎ ይነግርሃል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ለውጥ መጥቶ ሁለቱም ጊዜ ፌኩ ላይ ተይዟል። ዲፕሎይ ሳይደረግ (ደንበኛ ጋ ሳይደርስ)። ያ አለቃ አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን የሴቲንግ ፋይል ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትክፈት። ገንዘብ ወይም የደንበኛ መረጃ የሚነካውን አንድ የቴስት ፋይል ምረጥና በሱ ጀምር። ስንት ስህተት እንደወጣብህ እዚሁ ጻፍልኝ። በተለይ በቅንፍ «ኦቨርራይድ» የሚል ካየህ ፌኩን ለማስተካከል አትቸኩል፤ መጀመሪያ ያንን ሜተድ ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበት እውነተኛው ኮድ) ላይ ማን ማን እንደሚጠራው ቆጥረህ እይ።