ሰጠመ፣ ጠለቀ፣ ተነከረ፦ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎቻችሁ

ዳቦ ሻይ ውስጥ ሲነከር «ዲፕ» ነው «ዳንክ»?

ሁለቱም ያስኬዳል። እንጀራ ወጥ ስናጠቅስ ግን «ዲፕ» ነው፤ የሚነካው ጫፉ ብቻ ነውና።

አንዲት አንባቢ ሽምብራ ስንዘፈዝፍ «ሶክ»፣ ሻይ ቅጠል ሲሆን «ስቲፕ» የሚባለው ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች።

ሽምብራው ውሃውን ይጠጣል፤ የምንፈልገውም ሽምብራውን ነው። ሻይ ቅጠሉ ግን ጣዕሙን ለውሃው ይለቃል፤ የምንጠጣው ውሃውን ነው።

ዱባይ የምትሠራ እህት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው ላይ «ዱ ኖት ኢመርስ» (ውሃ ውስጥ አትንከሩ) የሚል አንብባ፣ «ግማሹን ብነክረውስ?» ብላለች።

አይሆንም፣ እህቴ! ኤሌክትሪኩ ያለው ከሥሩ ነው። ነቅለሽው ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ውሃ ከገባበት ባለሙያ ይየው።

ቨርጂኒያ ያሉ አባት ልጃቸው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሰጥሞ ወዲያው ወጣ። ሆስፒታል ደርሰው «ሂ ድራውንድ» ሲሉ እንግዳ ተቀባይዋ ክው አለች። ምን ማለት ነበረብኝ ይላሉ።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በእኛ ቋንቋ መርከብም ይሰጥማል፣ ሰውም ይሰጥማል፤ ሰው ደግሞ ሰጥሞ ይተርፋል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 «ሳንክ» እንጂ «ድራውንድ» አይባልም። «ድራውን» ትንፋሽ ላለው ነው፤ «ሂ ድራውንድ» ሲባል ደግሞ ተራው ሰሚ የሚረዳው «ሞተ» ብሎ ነው። ሐኪሞች ግን እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም ላይ በተስማሙበት ትርጉም፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹ የታወከ ሁሉ፣ የተረፈውም ጭምር፣ «ድራውኒንግ» ደርሶበታል። በዚያው ትርጉም «ሰብመርሽን» አፍና አፍንጫ ከውሃ በታች ሲሆኑ ነው፤ «ኢመርሽን» ፊት ከውሃው በላይ ሆኖ ውሃ ሲረጨው።

እንግዲህ ዋናው ነገር አፍንጫው የት ነበር የሚለው ነው። በጭንቅ ሰዓት ግሥ አይምረጡ። «ሂዝ ሄድ ወዝ አንደር ዎተር» (ጭንቅላቱ ከውሃ በታች ነበር) ይበሉ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሲያወጡት ይተነፍስ እንደነበር፣ አስታውኮ እንደሆነ ይጨምሩበት። ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ልጁ አሁንም የሚያስል፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም ያለወትሮው የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን ይህን ማንበብ ይተዉና አሁኑኑ 911 ይደውሉ። ደህና መስሎ ቆይቶ የሚብስበት አለ። እለምንዎታለሁ፣ «ያልፍለታል» ብለው አያሳድሩት።

የቅርጫት ኳሱ «ዳንክ»ስ ከዳቦው «ዳንክ» የመጣ ነው?

አዎ፤ ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መንከር ነው። ጓደኛን ገንዳ ውስጥ መድፈቅም «ዳንክ» ይባላል።